የልጄ ሴንሰር አልጣበቅ አለ

ጥያቄ፦ «ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ዓይነት 1 ስኳር እንዳለበት ካወቅን 3 ዓመት ሆነን። ውጭ ያለችው እህቴ ክንድ ላይ የሚለጠፈውን የስኳር መለኪያ ሴንሰር ትልክልናለች። ካርቶኑ ላይ 14 ቀን ይላል። እኛ ጋ ግን በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ይላቀቃል። ከየካቲት ወዲህ ሦስት ወድቀውብናል። የጅማ ሙቀት ሙጫውን እያቀለጠው መሰለኝ። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ ሞከርኩ፣ አልሆነም። ክንዱን በሳኒታይዘር እጠርገዋለሁ፣ ዙሪያውን በፕላስተር እጠቀልላለሁ፣ ገላውን ሲታጠብ ፌስታል አስርለታለሁ። አንዴ ግማሹ ሲነሳ መልሼ ተጫንኩት፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ግራ አጋባኝ። ጎረቤት ደግሞ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጊበት አለችኝ። ላድርግ?» እናት፣ ከጅማ።

መልስ፦ ሱፐር ግሉውን አያድርጉ። ከዚህ የጀመርኩት ሌላው ስህተት ሁሉ የሚያስከፍለው ሴንሰር ስለሆነ ነው፤ ይሄኛው ቆዳ ያስከፍላል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ መስታወት ግግር ይላል። ቆዳ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ስለዚህ ሙጫው ይሰነጠቅና ስባሪው ቆዳውን ይፍቃል። የጥጥ ልብስ ከነካ ደግሞ እስከ ማቃጠል ድረስ ሊግል ይችላል። ሲነቀል የላይኛውን ቆዳ ይዞት ይሄዳል። አንድ ጎረምሳ እንዲህ አድርጎ መጥቶ አይቻለሁ። ሴንሰሩ በእርግጥ አልወደቀም። ክንዱ ላይ ግን የብር ሳንቲም የሚያህል ቁስል ነበር። ቦታው እስኪድን ድረስ በዚያ ክንድ ሴንሰር የሚባል ነገር አልታሰበም። ሐኪም ቤት ቁስል የሚዘጉበት ዘመዱ የሆነ ሙጫ አለ። እሱ ለሰው ገላ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከሱቅ ከሚገዛው ጋር አያምታቱት።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ሙጫው አልቀለጠም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በየካቲትና በመጋቢት ቀትር ላይ ወደ 30 ዲግሪ ትጠጋለች እንጂ ጋምቤላ ወይም ሰመራ አይደለችም። ሙጫው የተሠራው ሰው ገላ ላይ እንዲኖር ነው፤ የሰው ክንድ ደግሞ አዲስ አበባም ሆነ ጅማ ያው ሞቃት ነው። የእርስዎ ሴንሰር 14 ቀን የሚል ክንድ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ሊብሬ የሚባለው ይመስለኛል። እሱ እስከ 45 ዲግሪ ድረስ እንዲሠራ የተሠራ ነው። የእርስዎ ደጅ እዚያ አይደርስም።

ጅማን የሚለያት እርጥበቷ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊሜትር አካባቢ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። አየሩ ራሱ ውሃ ሲጠግብ ላብ ቶሎ አይተንም። ድሬዳዋ ላይ ላብ ሳይታይ ይደርቃል። ጅማ ላይ ሸሚዝ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ሴንሰሩን የሚያነሳው ይህ የተኛ ላብ ነው። እሱ ብቻውንም አይደለም፤ አብሮት ቅባት አለ፣ መጋጨት አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመለጠፉ በፊትና በኋላ ያሉት ጥቂት ሰዓታት አሉ። የሴንሰሩ ዕድል በአብዛኛው የሚወሰነው ያኔ ነው። በ5ኛው ቀን የምናየው ውጤቱን ነው።

ለምን መሰለዎት? ይህ ሙጫ እንደ አናጢ ሙጫ ደርቆ የሚይዝ አይደለም። ሁልጊዜም ለስላሳ ነው። የሚይዘው ሲጫኑት ቀስ እያለ በቆዳው ጥቃቅን ሸካራ ቦታዎች ውስጥ ስለሚገባ ነው። ለዚህ ግፊት ይፈልጋል፣ ትንሽ ሙቀት ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል። ከተለጠፈ በኋላ ባሉት ሰዓታት ውስጥ አያያዙ እየጠነከረ ይሄዳል፤ አንድ ሙሉ ቀን ቢያገኝ ይመረጣል። እንግዲህ ያስተውሉ፦ መጀመሪያ ላይ ሙቀት ጠላቱ ሳይሆን ረዳቱ ነው። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ሙጫ ይጠነክራል፣ አይገባም። በዚያ ላይ ቀዝቃዛውን ካርቶን በጅማ አየር ሲከፍቱት ጤዛ ይይዘዋል። ልክ ከፍሪጅ ያወጡት የለስላሳ ጠርሙስ ላይ እንደሚታየው። ያን እርጥበት በሙጫውና በቆዳው መካከል አስገብተው ነው የለጠፉት። በፍሪጅ ያሻሻሉት ቢመስልዎትም ያባሱት ይመስለኛል።

ታዲያ የት ይቀመጥ? ካርቶኑ ላይ የቴርሞሜትር ምልክትና ሁለት ቁጥሮች አሉ። እነሱን ይከተሉ። ላይኛው ቁጥር እንደየሴንሰሩ ዓይነት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ጥላ ያለበት ክፍል፣ ወለል አካባቢ ያለ መሳቢያ ይበቃል። ቁም ሳጥን አናት ላይ አያስቀምጡ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይጋግራል። በጣም በሚሞቅበት ወር ፍሪጅ ግድ ከሆነ በር ላይ ያድርጉት፣ ከበረዶው ይራቅ። ሊለጥፉ ሲሉ ሳይከፍቱት ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድመው ያውጡት። ሌላው የማይታሰበው ነገር መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ላይ ጊቤ በረሃ አለ። ዕቃው በሰው እጅ የሚመጣ ከሆነ ሾፌሩ ጋቢና ፊት ለፊት መስታወቱ ሥር እንዳይጥለው ይንገሩት። ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ከካርቶኑ ቁጥር በላይ በቀላሉ ያልፋል። እዚያ የሚጎዳው ሙጫው ብቻ አይደለም። ስኳሩን የሚያነበው ኢንዛይም ጭምር ነው። ከሙጫው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሴንሰሩ ተጣብቆ እየዋለ የተሳሳተ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

ደብዳቤዎ ውስጥ ያልጻፉት ነገር አለ፤ ልገምት። ልጁ ከታጠበ በኋላ ቫዝሊን ወይም ሎሽን ይቀባል። ሳይቀባ ከቤት የሚወጣ የአገራችን ልጅ የት አለ? እናት «እግርህ ነጣ» ሳትል አታሳልፍም። ያ ቫዝሊን በማግስቱም ቆዳው ላይ አለ። በውሃ ብቻ አይለቅም። ሙጫውና ቆዳው መካከል ገብቶ ሁለቱን ያለያያል። ሳኒታይዘሩ ደግሞ ያጸዳ ይመስላል እንጂ እጅ እንዳይደርቅ ተብሎ ግሊሰሪን ይጨመርበታል። አልኮሉ ሲተን ግሊሰሪኑ ይቀራል። እጅዎ ላይ ትንሽ ሙልጭልጭ የሚለው ነገር እሱ ነው። ስለዚህ እርስዎ «ጠረግኩት» ያሉት ክንድ በስሱ ተቀብቷል ማለት ነው።

ክትትል የምናደርግላት አንዲት ሴት ነበረች። ሴንሰሯ ሁልጊዜ እሁድ ወይም ሰኞ ይለቅባታል። ቀኑ ለምን አንድ ሆነ ብለን ስንጠይቅ ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሯን ቅቤ ትቀባለች። ቅቤው ሌሊት ይቀልጥና አንገቷን ይዞ፣ ትከሻዋን ይዞ ክንዷ ላይ ይወርዳል። የነቀለችውን ሴንሰር ሳሸተው ቅቤ ቅቤ ይላል። ቅቤውን አልከለከልናትም። ፀጉሯን በሻሽ አጥብቃ እንድታስርና አዲስ የምትለጥፍበትን ቀን ከቅቤ ቀን እንድታርቅ ነው የነገርናት። ወይባ የሚሞቁ እናቶችም ካሉ ይህን ያንብቡ፤ ሙጫው ጢሱንም ሙቀቱንም አይችልም፣ ሴንሰሩም ለዚያ አልተሠራም።

አሁን ቀጣዩን ሴንሰር እንዴት እንደሚለጥፉ ልንገርዎ። ማታ ያድርጉት። ጠዋት ለጥፈው ትምህርት ቤት ከላኩት ሙጫው ሳይዝ ላብ፣ ቦርሳና ኳስ ይጠብቁታል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ገላውን ይታጠብ። የሚለጠፍበት ክንድ ክሬም በሌለው ተራ ሳሙና ሁለት ጊዜ ይታሽ፤ ሳሙናው ራሱም እንዳይቀር በደንብ ይታጠብ። ንጹሕ ፎጣ ያንሱና ያድርቁት። ከዚያ ልብሱን ሳይለብስ አንድ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ። ይህን ሩብ ሰዓት ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከገላ መታጠብ በኋላ ገላ ለተወሰነ ጊዜ ያልባል፤ ደርቋል ያሉት ክንድ ከሥር እያላበ ነው። ሻይ ጠጥቶ እስኪጨርስ ቢሉት ይበቃል።

ቀጥሎ በታሸገች የአልኮል ጥጥ ወይም ፋርማሲ በሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ይጥረጉት። ከመሐል ጀምረው ወደ ውጭ። በራሱ ይድረቅ። እፍ አይበሉበት፤ ትንፋሽ እርጥብ ነው። በፎጣም አይንኩት። ቦታው ከክንዱ ኋላ፣ በትከሻና በክርን መሐል ያለው ሥጋማ ክፍል ነው። ልጁን ከፊት ለፊትዎ አቁመው ሲያዩት ሴንሰሩ የሚታይ ከሆነ በጣም ወደ ጎን ወጥቷል፤ የበር መቃን ያገኘዋል። ኢንሱሊን ከሚወጋበት ቦታ ቢያንስ 3 ጣት ያርቁት። በፊት ከነበረበት ክንድም ይቀያይሩ። ክንዱን ዘና አድርጎ ወደታች ይተው፤ ወጥሮ ወይም አጥፎ ከለጠፉት በኋላ ሲዘረጋ ጠርዙ ይነሳል። ፀጉር ላለው አዋቂ ሰው ደግሞ መላጨቱ ከአንድ ቀን በፊት ይሁን። በዚያው ሰዓት የተላጨ ቆዳ የማይታይ ጭረት አለው፤ አልኮሉም ሙጫውም ያቃጥሉታል።

ከተለጠፈ በኋላ መዳፍዎን አሻሽተው ያሙቁና ሴንሰሩን በስሱ ሸፍነው ይያዙት። እስከ 60 ይቁጠሩ። ከዚያ በአውራ ጣትዎ ዙሪያውን፣ የጨርቁን ጠርዝ ብቻ፣ እየዞሩ ይጫኑ። መሐሉን አይጨቁኑ። በዚያ ሌሊት በሌላው ጎኑ ይተኛ። እስከ ነገ ማታ ገላ መታጠብም ኳስም የለም። ልጁ እንደሚያኮርፍ አውቃለሁ። አንድ ቀን ማኩረፍ ከ9 ቀን ሴንሰር ይረክሳል።

እህትዎ ሴንሰር ስትልክ አብራ ብትልክ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ፈሳሽ ማጣበቂያ። ስኪን ታክ እና ማስቲሶል የሚባሉት የታወቁ ናቸው። አልኮሉ ከደረቀ በኋላ በቀለበት ቅርጽ ይቀባል። መሐሉ፣ መርፌው የሚገባበት ቦታ፣ ባዶ ይተዋል። ጣት ሲነካው ያዝ ያዝ ሲያደርግ ሴንሰሩ ይለጠፋል። ለላባም ልጅ ሌላ ዘዴ የላብ መከላከያ ዲዮዶራንት ነው። ሽታ የሌለው ይሁን፣ «ላብ የሚቀንስ» የሚለውን እንጂ ሽቶውን ብቻ አይግዙ። በዋዜማው ማታ ቦታው ላይ ይቀባል፤ በማግስቱ ከመለጠፉ በፊት በሳሙና ታጥቦ ይወገዳል። ቆዳው ከተቆጣ ይተዉት።

ዙሪያውን በፕላስተር መጠቅለልዎን ግን ያቁሙ። ክንድን እንደ ቀለበት የዞረ ፕላስተር ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው ሴንሰሩን ይጫነዋል። ሴንሰሩ የሚለካው ደሙን ሳይሆን ከቆዳ ሥር በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ቦታው ሲጨቆን ፈሳሹ በደንብ አይዘዋወርም፤ ስኳሩ ሳይወርድ ቁጥሩ ይወርዳል። በክንዱ ሲተኛበትም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሌሊት አላርም ጮኾ ልጁ ሲለካ ደህና የሆነበት ጊዜ ካለ ይህን ያስቡ። ሁለተኛው ጉዳት ላቡን ማፈኑ ነው። ልብስ ስታጥብ የዋለች ሴት ጣት ነጥቶ እንደሚጨማደደው፣ ከፕላስተሩ ሥር ያለው ቆዳም ይርሳል። የራሰ ቆዳ ምንም አይዝም።

ደራቢ ፕላስተር ከፈለጉ፣ እኔም ለኳስ ተጫዋች ልጅ እፈልጋለሁ፣ አየር የሚያስገባ የጨርቅ ዓይነት ይሁን። ስፖርተኞች ጡንቻቸው ላይ የሚለጥፉት የሚለጠጥ ፕላስተር ጥሩ ነው። ካልተገኘ ፋርማሲ ያለው ሰፊው የጨርቅ ፕላስተር ይሠራል። ካኑላ (ግሉኮስ የሚሰጥበት የደም ሥር ቱቦ) የሚሸፈንበት ግልጽ ፕላስተር ለውሃ ይሻላል፣ ለላብ ግን ከጨርቁ ያንሳል። ከሴንሰሩ ዙሪያ በሁሉም በኩል 2 ጣት የሚተርፍ ቁራጭ ይቁረጡ። አራቱን ማዕዘን በመቀስ ክብ ያድርጓቸው፤ ሹል ማዕዘን እጅጌ ይይዘውና መላጥ ከዚያ ይጀምራል። መሐሉን በሴንሰሩ ልክ ይብሱት። ሊብሬ መሐሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አላት፤ እሷ መደፈን የለባትም። ሲለጥፉ አይለጥጡት። የተለጠጠ ፕላስተር ወደ ራሱ ሲሰበሰብ ቆዳውን እየጎተተ ውሃ ይቋጥርበታል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሴንሰሩ አዲስ እያለ ነው፤ ጠርዙ ከቆሸሸ በኋላ የሚጨመር ፕላስተር ቆሻሻው ላይ ነው የሚለጠፈው።

ፌስታሉንም ይተዉት። ሊብሬ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ውሃ ይችላል። ሻወር ምንም አይለውም። ፌስታሉ ውስጥ ግን ክንዱ በእንፋሎት ይቀቀላል። ሙቅ ውሃ ሳይሆን ለብ ያለ ይሁን፤ ሲጨርስ ፎጣውን ሳያሻሽ እየጫነ ያድርቀው። ሰላት ለሚሰግድ ልጅ ኡዱም ችግር የለውም። የሚታጠበው እስከ ክርን ነው፤ ሴንሰሩ ከዚያ በላይ ነው። የሚያስቸግረው የተሰበሰበው እርጥብ እጅጌ ነው፤ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል። ከፍ አድርጎ ቢሰበስበው፣ ሲጨርስም ቢያወርደው ያልፋል። ጸበል ውስጥ ለሚጠመቁም ያው ነው፤ ውሃው ሳይሆን ከውሃው በኋላ አለማድረቁ ነው ጣጣው።

አሁን ስለ መጋጨት። ብዙ ሴንሰር የሚነቀለው በሙጫ ድካም ሳይሆን በአደጋ ነው። ሹራብ ሲያወልቅ፣ የቦርሳ ማንገቻ ሲያንሸራትት፣ በር ሲያልፍ። ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ሦስት ሆነው ሲቀመጡ ደግሞ ጠርዝ ላይ ያለው ልጅ ክንዱ ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ነው ገበያ የሚደርሰው። ልጁ ሁልጊዜ በየትኛው በኩል እንደሚቀመጥ፣ ቦርሳውን በየትኛው ትከሻ እንደሚያንጠለጥል፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ ይጠይቁት። ከዚያ ክንዱን ይምረጡ። ለኳስ ሰዓት የአሮጌ ካልሲ አንገት ቆርጠው እንደ አምባር ከላይ ያልብሱት። አንድ ጣት በቀላሉ የሚያስገባ ልል ይሁን። ከጨዋታው በኋላ ይወልቃል፤ ላብ የጠጣ ካልሲ እዚያ አይደር።

ጠርዙ ተነሳ እንበል። የተነሳው ክፍል አቧራና የልብስ ክር ስለያዘ መልሶ አይጣበቅም። በትንሽ መቀስ የተነሳውን ብቻ ቆርጠው ይጣሉ፤ ዙሪያውን አድርቀው ከላይ የተበሳውን ፕላስተር ያድርጉበት። ይህ የሚሠራው መሐሉ ሳይነቃነቅ ሲቀር ነው። ሴንሰሩ ራሱ ከተነሳ ግን አበቃ። ከሥሩ ፀጉር የምታህል፣ 5 ሚሊሜትር ገደማ የምትረዝም ክር አለች። እሷ ናት የምትለካው። ስትወጣ ትታጠፋለች፣ ንጽሕናዋም ይጠፋል። ወደ ውስጥ የወሰዳት መርፌ አፕሊኬተሩ (ሴንሰሩ የሚለጠፍበት መሣሪያ) ውስጥ ቀርቷል፤ በመጫን ተመልሳ አትገባም። እርስዎ መልሰው የተጫኑት ጊዜ ቁጥሩ ግራ ያጋባዎት ለዚህ ነው። ያ ሴንሰር የሚያሳየው የልጁን ስኳር አልነበረም። በዚያ ቁጥር ኢንሱሊን አስልተው ከነበረ ክፉ ነገር ስላልደረሰ ዕድለኛ ነዎት፤ አይደገም። ሴንሰር በነቀሉ ቁጥር ክሯ ሙሉ መሆኗን ይዩ። ተሰብራ ቀርታ ቦታው ከቀላ ወይም ካበጠ ጤና ተቋም ይውሰዱት፣ በመርፌ አይፈልጓት።

አንድ ነገር በጣም እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ። ላብ ሁሉ የሙቀት አይደለም። ልጁ በቀዝቃዛ ሌሊት ትራሱ እስኪርስ ካላበ፣ ጠዋት ሴንሰሩ ተላቆ ካገኙት፣ የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሙጫ አይመርምሩ፤ ልጁን ይለኩት። ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። እየተንቀጠቀጠ ወይም ግራ እየተጋባ ከሆነ ማሽን እስኪገኝ አይጠብቁ፤ ስኳሩን ይስጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይስጡ፣ በጎኑ አስተኝተው ወደ ሐኪም ቤት ይሩጡ። በሚሞቅበት ወቅትና ከኳስ በኋላ ኢንሱሊን ከወትሮው ፈጥኖ ሊሠራ ስለሚችል ይህ ሩቅ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የጣት መለኪያ ማሽኑ አይጣል። ሴንሰር መጣ ብለው ስትሪፕ መግዛት ያቆሙ ቤተሰቦች አሉ። ስህተት ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ ጠርዙ የተነሳ ጊዜ፣ የሚሰማውና የሚያየው ቁጥር ያልገጠመ ጊዜ ጣት ይለካል። ደህና በሆነ ሴንሰርም ቢሆን ቁጥሩ ከደሙ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ወደኋላ ሊቀር ይችላል፤ ስኳሩ በፍጥነት ሲወርድ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ብዙ ውሃ ያጣ፣ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ላይም ሴንሰሩ ሊሳሳት ይችላል።

ቆዳው ላይ የሚታየውንም ይለዩ። ልክ በሙጫው ቅርጽ የቀላ፣ የሚያሳክክ፣ ውሃ የቋጠረ ከሆነ የሙጫ አለርጂ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሙጫዎች ውስጥ አክሪሌት የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ፤ አንዴ አለርጂ ካስነሱ በሚቀጥለው ጊዜ ይብሳሉ። ክሬም ቀብቶ ከላይ መለጠፍ መፍትሔ አይሆንም። የቆዳ ሐኪም ይየው፣ ምናልባትም የሴንሰር ዓይነት መቀየር ይኖርበታል። መግል፣ ሕመም ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቅላት ካለ ግን ኢንፌክሽን ነው፤ ነቅለው በዚያው ቀን ይታይ። ሲነቅሉ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስንሸሸው የዋልነው ዘይት ወዳጅ ይሆናል። የምግብ ዘይት በጥጥ ጠርዙ ላይ ያድርጉ፣ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ቆዳውን በአንድ እጅ ይዘው ወደ ጎን ቀስ ብለው ይላጡ። ከዚያ በሳሙና ይታጠብ።

ይህን ሁሉ አድርገውም 14 ሙሉ ቀን ላያገኙ ይችላሉ። ሙጫው የያዘው የቆዳውን የላይኛውን የሞተ ሽፋን ነው። ያ ሽፋን ደግሞ በ2 ሳምንት ገደማ እየተራገፈ ያልቃል። ስለዚህ ወደ መጨረሻዎቹ ቀናት ሴንሰሩ የያዘው ሊረግፍ የተዘጋጀን ነገር ነው። ኳስ ለሚጫወት የጅማ ልጅ 11፣ 12 ቀን ካገኙ እኔ ጥሩ እለዋለሁ። ክንዱ ላይ እንዲለጠፍ የተፈቀደውን እግር ወይም ሆድ ላይ አዛውሮ መሞከር ግን አይበጅም፤ ቢጣበቅም ቁጥሩ እዚያ አልተፈተነም።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይኸው። ፍሪጁ፣ ፌስታሉ፣ ሳኒታይዘሩ፣ የዞረው ፕላስተር ይቅሩ። የቀረችዎትን ሴንሰር ኳስ በሌለበት ቀን ዋዜማ ማታ፣ በሳሙና፣ በሩብ ሰዓት መጠበቅ፣ በአልኮልና በመዳፍ ሙቀት ይለጥፉ። ከላይ አንድ የተበሳ የጨርቅ ፕላስተር ያድርጉ። ክንዱ ላይ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቫዝሊን አይነካም፤ እግሩን እንደፈለጉ ይቀቡት። በዚህ መንገድ ከተለጠፉ ሦስት ሴንሰሮች ሁለቱ ከ10 ቀን በፊት ከወደቁ ችግሩ የእርስዎ እጅ አይደለም፤ ለእህትዎ ሌላ ዓይነት እንድትሞክር ይንገሯት። የወደቁትንም ከነካርቶናቸው አይጣሉ። ተከታታይ ቁጥሩን ፎቶ አንስተው፣ የተለጠፈበትንና የወደቀበትን ቀን ጽፈው ይላኩላት። በገዛችበት አገር አምራቾቹ ያለጊዜው የወደቀ ሴንሰር የሚተኩበት አሠራር ብዙ ጊዜ አላቸው፤ ስልክ ደውላ የምትጠይቀው እሷ ናት።